የአሠራር ገለጻ ድርሰት፤ ዲስክን ስለ መተካት

ሀ. መግቢያ

አንድ ሥራ እንዴት እንደሚከናወን ለማያውቅ ሰው የሚያስረዳ ድርሰት የአሠራር ገለጻ ይባላል። የዚህ ዓይነቱ ድርሰት ውበቱ ግልጽነቱ ነው፤ ግልጽነቱም የሚመጣው ከቅደም ተከተሉ ነው። በትረካ የኋላውን አስቀድሞ ማውራት ይቻላል፤ በአሠራር ገለጻ ግን የአንድ ዐረፍተ ነገር ከቦታው መዛነፍ የአንባቢውን ንብረት ሊያጠፋ ይችላል። የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ፤ የሥራዎቹንም ተራ አስተውሉ።

ለ. ምንባብ

በአምበር ከተማ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የመዝገብ ቤቱ ኮምፒዩተር ሁለት ሃርድ ዲስኮች አሉት እንበል። ኮምፒዩተሩን የሚያስነሣው አንደኛው ነው። ሁለተኛው የብዙ ዓመት የተማሪዎች ውጤትና ፎቶግራፍ የተከማቸበት ነው። ይህ 500 ጊጋባይት የሚይዘው ሁለተኛ ዲስክ ስለ ሞላ፣ 2 ቴራባይት በሚይዝ ዲስክ መተካት አስፈልጓል።

የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ በመጀመሪያ በቂ ባዶ ቦታ ያለው ውጫዊ ዲስክ አገናኝቶ የሁለተኛውን ዲስክ ሙሉ ምስል ያስቀምጥበታል። ምስል ማለት ዲስኩን ከነአከፋፈሉና ከነፎልደሮቹ እንዳለ መቅረጽ ነው። ምስሉ በሚነሣው ዲስክ ላይ አይቀመጥም፤ ጎተራው ቢቃጠል ለክፉ ቀን የተቀመጠው እህል አብሮ ይቃጠላልና። መብራት በመካከሉ ቢቋረጥ ምስሉ ጎዶሎ ሊሆን ስለሚችል፣ ባትሪ ያለው የኃይል መጠባበቂያ ማገናኘት ይበጃል።

ሥራው ሲያልቅ ሠራተኛው ምስሉን በፕሮግራሙ ማረጋገጫ ይመረምራል፤ ጥቂት ፋይሎችንም ከምስሉ አውጥቶ ይከፍታል። ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ፣ የኤሌክትሪኩን ገመድ ነቅሎ፣ አሮጌውን ዲስክ ያወጣል። አዲሱን በቦታው አስገብቶ ገመዶቹን ያገናኛል፤ ኮምፒዩተሩንም አስነሥቶ ምስሉን ወደ አዲሱ ዲስክ ይመልሳል።

በዚህ ጊዜ አዲሱ ዲስክ 500 ጊጋባይት ብቻ የሚይዝ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይህም የሚሆነው ምስሉ የአሮጌውን አከፋፈል ይዞ ስለሚመጣ ነው እንጂ ዲስኩ ጎድሎ አይደለም። ሠራተኛው ያልተመደበውን ቦታ ጨምሮ ክፍሉን ያሰፋዋል። ዲስኩ የሚጠራበትን ፊደልም እንደ ቀድሞው ያደርገዋል፤ ያለዚያ ፕሮግራሞቹ ፋይሎቻቸውን በለመዱት አድራሻ ፈልገው ያጣሉ። አሮጌው ዲስክ፣ ፋይሎቹ በአዲሱ ላይ ተከፍተው እስኪታዩ ድረስ አይደመሰስም።

ይህን የመሰለው ጥንቃቄ ለአገራችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የአገራችን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሡ፣ ቅጂው በአዲስ አበባና በአሜሪካ በሚኒሶታ እንዲቀመጥ ተደርጓል። ቅጂ መኖሩም ዋናውን መጽሐፍ ለመጣል ምክንያት አልሆነም።

ሐ. የሰዋስው ማስተዋያ

ቦዝ አንቀጽ ቀድሞ የተፈጸመውን ሥራ ከሚከተለው ጋር ያያይዛል። የሚከተሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

1. ምስሉን መርምሮ አሮጌውን ዲስክ ደመሰሰ።
2. አሮጌውን ዲስክ ደምስሶ ምስሉን መረመረ።

በሁለቱም የተነገሩት ሥራዎች አንድ ናቸው፤ የተለየው ተራቸው ነው። የመጀመሪያው ሰው ምስሉ ጎዶሎ ሆኖ ቢያገኘው ከአሮጌው ዲስክ እንደ ገና ያነሣል። ሁለተኛው ግን የሚያነሣበት ዲስክ የለውም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ተራውን ለማጥበቅ ስንፈልግ «ሳይመረምር አይደምስስ»፣ «እስኪመረምር ድረስ ያቆየው» እያልን እንጽፋለን።

መ. መልመጃ

1. ከምንባቡ ውስጥ ስድስት ቦዝ አንቀጾች አውጡ፤ እያንዳንዱን የሚከተለውን ሥራ በአንጻሩ ጻፉ።
2. «ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ዲስኩን አወጣ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ተራውን ገልብጣችሁ ጻፉ። ምን ጉዳት ሊደርስ እንደሚችልም አስረዱ።
3. በቤታችሁ ወይም በመንደራችሁ ከሚሠሩ ሥራዎች ተራው ቢዛነፍ የሚበላሽ አንድ ሥራ መርጣችሁ፣ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ የአሠራር ገለጻ ድርሰት ጻፉ። ድርሰታችሁን ሥራውን ለማያውቅ ጓደኛ አስነብቡ፤ ጓደኛችሁ የሚጠይቀው ጥያቄ ያልጻፋችሁትን ያሳያችኋል።