ፓፓያችሁ ስትታመም፦ ከማከም በፊት መመርመር



በካኩማ ዕቃ የታጠበበት ውኃ እንኳ አይደፋም፤ ለጓሮ ይጠራቀማል። በዚህ ውኃ ያደገች ፓፓያ ስትጠወልግ የቤተሰቡ ሁሉ ሐሳብ ትሆናለች። እኛም አንዲት የጠወለገች ፓፓያ አይተን «ጠምቷት ነው» ብለን ውኃ ጨመርንባት። ሳምንት ሳይሞላት ወደቀች። ስንቆፍር ሥሯ በስብሶ አገኘነው። ጥማት መስሎን የጨመርነው ውኃ ነበር የጨረሳት። ስለዚህ ዛሬ የምርመራውን ቅደም ተከተል እንማራለን።

1. አፈሩን እንይ። ፓፓያ በቀትር ጠውልጋ ማታ ከቀናች ሙቀቱ ነው። ማታም ካልቀናች አንድ ስንዝር ያህል ቆፍረን እንዳስስ። አፈሩ ደረቅ ከሆነ ጠምቷታል። ጭቃ ከሆነ ውኃውን እናቁም፤ የቆመውንም በቦይ እናስወጣ። ጤናማ ሥር ነጣ ያለና ጠንካራ ነው፤ የበሰበሰው ቡናማ፣ ልፍስፍስና የሚሸት ነው። ውኃ ለሁለት ቀን ከተኛባት ፓፓያ ልትሞት ትችላለች።

2. ቅጠሉን እንገልብጥ። ተባይ የሚደበቀው ከሥሩ ነው። ቀጭን ድርና እንደ ነጥብ ያሉ ተንቀሳቃሽ ነገሮች ከታዩ፣ ከላይም ቅጠሉ ቢጫ ነጠብጣብ ካለው፣ ጥቃቅን የሸረሪት ዘመዶች ናቸው። ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር በቅጠሉና በፍሬው ላይ ከተጣበቀ ደግሞ ጭማቂ መጣጭ ተባይ ነው፤ ጉንዳን በግንዱ ሲመላለስ ብናይ እሱም ምልክት ነው፤ የተባዩን ጣፋጭ ፈሳሽ ፍለጋ ይመጣልና። ለሁለቱም ጥቂት ሳሙና በሟሟበት ውኃ ወደ ማታ ቅጠሉን ከሥሩ እናጥባለን። አስቀድመን ግን በአንድ ቅጠል እንሞክር።

3. ለጋውን ቅጠልና ፍሬውን እንመልከት። ለጋው ቅጠል ዝንጉርጉር ሆኖ እንደ ክር ከቀጠነ፣ በፍሬው ላይም ቀለበት የመሰለ ምልክት ከወጣ ቫይረስ ነው። መድኃኒት የለውም። ክሽክሽ ከዛፍ ወደ ዛፍ ስለሚያዛምተው፣ ቢያሳዝነንም ነቅለን ማስወገድ አለብን። አንዲቷን ለማዳን ብንዘገይ የጎረቤታችንም ትጠፋለች። ዱባና ሐብሐብም በዚህ ቫይረስ ስለሚያዙ ከፓፓያ አጠገብ አንትከላቸው።

በሽታ ያልሆኑትንም እንለይ። የታችኛው ያረጀ ቅጠል ቢጫ ሆኖ መርገፉ የተለመደ ነው። በረጅም ተንጠልጣይ ዘለላ ብቻ የምታብብና የማታፈራ ፓፓያ ወንዴ እንጂ ሕመምተኛ አይደለችም።

ማሳሰቢያ፦ ምንነቱ ያልታወቀ፣ ጽሑፍ የሌለው የፀረ ተባይ መድኃኒት አንርጭ፤ ፍሬውን የሚበሉት ልጆቻችን ናቸው።

መልመጃ፦ ዛሬ ማታ ከጎረቤታችሁ ጋር የአንዲት ፓፓያ አፈር፣ የቅጠል ሥርና ለጋ ቅጠል መርምሩ። ያያችሁትን ሳትነጋገሩ አትርጩ፣ ውኃም አታፍስሱ።