ብስክሌትና ሸካራ መንገድ

የደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ጁባ በነጭ ዓባይ ዳር ትገኛለች። አገሪቱ ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ በከተማይቱ አስፋልት የለበሱት መንገዶች ጥቂት ነበሩ። ዛሬም ከዋና ዋናዎቹ ጎዳናዎች ወጣ ሲሉ ብዙው መንገድ አፈር ነው፤ በዝናም ወራት ይጨቀያል፤ በበጋ ደርቆ ይጎረብጣል።

በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ ባለቀጭን ጎማ ብስክሌት እየነዳ ዘወትር ወደ ሥራው የሚመላለስ ሰው፣ ጎማውን በነፋስ ጢም አድርጎ መሙላት የሚበጀው ይመስለው ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ጠንካራ ጎማ በአስፋልት ላይ ይፈጥናል፤ በሸካራ መንገድ ላይ ግን እየነጠረ የነጂውን ጉልበት ያባክናል፤ መሬቱንም በሚገባ ስለማይቆነጥጥ ለመውደቅ ያጋልጣል። በ1896 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አገር በተጀመረው የፓሪስ ሩቤ ውድድር በድንጋይ ንጣፍ ላይ የሚሽቀዳደሙት ብስክሌተኞች ሰፋ ያለ ጎማ የሚመርጡትና ነፋሱን ቀነስ የሚያደርጉት ስለዚህ ነው። ይሁን እንጂ ነፋሱ ከመጠን በላይ ቢጎድል ጎማው በድንጋይና በቸርኬው መካከል ተጨፍልቆ ይበሳል። ስለሆነም ልክን ማወቅ ያሻል።

ብልህ ነጂ ጉድጓድ ሲያጋጥመው ከመቀመጫው ጥቂት ብድግ ይላል፤ ክርኑንና ጉልበቱን አጠፍ ያደርጋል። ከቤቱ ሲደርስም ብሎኖቹንና የቸርኬውን ሽቦዎች ይመረምራል። አንዱ ሽቦ ሲላላ ሸክሙ በሌሎቹ ላይ ይወድቃልና፣ የዛሬ ቸልታ የነገ ስብራት ነው።

ጥያቄዎች

1. ጠንካራ ጎማ በሸካራ መንገድ ላይ የማይበጀው ለምንድን ነው?
2. ነፋሱ ከመጠን በላይ ቢጎድል ምን ጉዳት ይደርሳል?
3. «ጢም አድርጎ» እና «ቸልታ» የሚሉትን በዐረፍተ ነገር ውስጥ አግቡ።