ከመሬት በታች ስላለው የውሃ ቧንቧ፥ አሮጌውንም በአዲስ ስለ መለወጥ

ውሃ በቧንቧ ውስጥ የሚሄደው በግፊት ነው። ዓፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ገደማ በስዊሱ መሐንዲስ በአልፍሬድ ኢልግ ሠሪነት ከእንጦጦ ወደ ግቢያቸው ውሃ በቧንቧ ባስመጡ ጊዜ፥ ወደ ታች የወረደው ውሃ መልሶ ወደ ግቢው ኮረብታ መውጣቱ ሰውን አስደንቆ ነበር። ያወጣው ግን ከተራራው ከፍታ የመጣ ግፊት ነው። ይህ ግፊት ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛው ውሃውን ከቤት ማድረስ ነው። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያስተውለውም፤ ይኸውም ቧንቧው ቢቀደድ ውሃው ወደ ውጭ ስለሚገፋ እድፍ እንዳይገባ መከልከሉ ነው። ግፊቱ ሲቀር ጠባቂው ተነሣ ማለት ነው።

ይህ ነገር በአዲስ አበባ መርካቶ በግልጥ ይታያል። ገበያው በጣልያን ወረራ ዘመን ከአራዳ ወደዚያ ከተዛወረ ወዲህ ቤት ከቤት ተጠጋግቶ ስለ ተሠራ፥ የመጸዳጃው ጉድጓድ፥ የፍሳሹ ቦይና የመጠጡ ቧንቧ በአንድ ጠባብ መተላለፊያ ይገናኛሉ። አሮጌ የብረት ቧንቧ በእርጥብ አፈር ውስጥ ይዝጋል፤ በላዩም የጭነት መኪና ይመላለሳል። የከተማው ውሃ ለሁሉ ስለማይበቃ በፈረቃ ይለቀቃል። ውሃው በተዘጋ ሰዓት በዝቅታ ያለው ቤት የቀረውን ሲቀዳ፥ ባዶ የሆነው ቧንቧ በቀዳዳው በኩል የቦዩን እድፍ ይስባል። ውሃው ሲመለስም ያንኑ ለልጆች ያጠጣል። ታይፎይድና ኮሌራ ከሚገቡባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው።

ቧንቧው መቀደዱን ለማወቅ፥ ውሃ ባለ ጊዜ የቤቱን መክፈቻዎች ሁሉ ዘግቶ ቆጣሪውን መመልከት ነው። ማንም ሳይቀዳ ቆጣሪው ከዞረ ውሃው ከመሬት በታች ይፈሳል። በደቂቃ 1 ሊትር ቢፈስ በቀን 1440 ሊትር፥ ማለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 72 ይሆናል።

አሮጌው ቧንቧ በብዙ ስፍራ ከዛገ አንዱን ቀዳዳ መጠገን ሌላውን መጠበቅ ነው፤ ስለዚህ መለወጥ ይሻላል። ከቆጣሪው ወዲያ ያለው የውሃና ፍሳሽ ባለ ሥልጣን ስለ ሆነ፥ ለቅርንጫፉ ጽሕፈት ቤት ማመልከት እንጂ መንካት አይገባም። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ሥራ እንዲህ ነው። አስቀድሞ ከመጸዳጃና ከፍሳሽ ቦይ የራቀ አዲስ መንገድ ይመረጣል። ቦዩን መሻገር ግድ ቢሆን የመጠጡ ቧንቧ ከፍሳሹ በላይ ይለፍ፤ በዚያም ስፍራ መጋጠሚያ አይኑርበት። ከዚያ ክንድ ተኩል ያህል ተቆፍሮ ድንጋዩ ይለቀማል፥ አሸዋም ይነጠፋል። የማይዝግ ጥቁር የፕላስቲክ ቧንቧ ይዘረጋል፤ መኪና በሚያልፍበት ግን በሰፊ የብረት ቱቦ ውስጥ ይገባል። አፈር ሳይመለስ ውሃ ተሞልቶ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ይመረመራል። በመጨረሻም ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ይፈስሳል፤ አሮጌውም ቧንቧ ተቆርጦ ይደፈናል።

መምህሩ ይህን በክፍል ማሳየት ይችላል። በውሃ የተሞላ ጀሪካን በጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፥ በመካከሉ ትንሽ ቀዳዳ ባለው ጎማ ወደ መሬት ያውርድ። ቀዳዳውን ቡና በተበጠበጠበት ሳሕን ውስጥ ያጥልቅ፥ የጎማውንም የታች ጫፍ በጣቱ ጥቂት ይዝጋ። ውሃው እየገፋ ሳለ ቡናው አይገባም። ከዚያ በጀሪካኑ በኩል ያለውን አጥፎ ዘግቶ የታቹን ቢለቅ፥ የሚወርደው ውሃ ቡና መስሎ ይታያል።

ጥያቄ። ፩ኛ፤ ግፊት ያለበት የተቀደደ ቧንቧ እድፍ የማይስበው ስለ ምን ነው? ፪ኛ፤ በደቂቃ 2 ሊትር የሚፈስ ቧንቧ በሳምንት ስንት ጀሪካን ያባክናል? ፫ኛ፤ በሰፈራችሁ ቧንቧና ፍሳሽ የሚገናኙበት ስፍራ የት ነው?