ጥላ በሰማይ የበራ ስፍራ ነው፦ የከተማ ጎዳናን ለመሳል ለሚሹ ጥቂት የፊዚክስ ነጥቦች

ጥላ ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ማንኛውም ተማሪ «ብርሃን በማያሳልፍ አካል ሲጋረድ የሚፈጠር ጨለማ ነው» ብሎ ይመልሳል። እኔም ይህንኑ ትርጓሜ ለዓመታት በሰሌዳ ላይ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ጉድለቱን የተረዳሁት ግን አንድ እሑድ ጠዋት በቸርችል ጎዳና ዳር ተቀምጬ መንገዱን በውሃ ቀለም ለመሳል በሞከርሁበት ጊዜ ነው። በትርጓሜው በመተማመን የሕንፃዎቹን ጥላ በጥቁር ቀለም ሞላሁት። ሥዕሉ ሲደርቅ አስፋልቱ ተደርምሶ ገደል የተከፈተበት መሰለ። ቀና ብዬ መንገዱን ስመለከት፣ በጥላው ውስጥ የሚሄዱት ሰዎች የልብሳቸው ቀለም ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታይ ነበር። ጨለማ ከሆነ ታዲያ እንዴት ይታያሉ?

ይህ ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠትና መልሱ ለጀማሪ ሰዓሊ ምን እንደሚጠቅመው ለማሳየት የቀረበ ነው።

ጥላን የሚያበራው ምንድን ነው?

ፀሐይ የምትልከው ብርሃን በሙሉ በቀጥታ ወደ መሬት የሚደርስ ቢሆን ኖሮ ጥላ እጅግ የጠቆረ በሆነ ነበር። ነገር ግን የአየር ሞለኪዩሎች ከብርሃኑ ከፊሉን በየአቅጣጫው ይበትኑታል። ሎርድ ሬይሊ እ.ኤ.አ. በ1871 እንዳሳየው፣ የመበተኑ መጠን ከሞገድ ርዝመት አራተኛ ርቢ ጋር ተገላቢጦሻዊ ዝምድና አለው። ስለሆነም 450 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ሰማያዊ ብርሃን፣ 650 ናኖሜትር ካለው ቀይ ብርሃን ከአራት እጥፍ በላይ ይበተናል። ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ የሚታየንም በዚሁ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ጥላ ያረፈበት ስፍራ የሚያጣው ቀጥተኛውን የፀሐይ ጨረር ብቻ ነው። ከሰማዩ የሚመጣው ሰማያዊ ብርሃን ይደርሰዋል፤ ከፊት ለፊት ያለው ግድግዳና መሬቱ የሚያንጸባርቁትም እንዲሁ። ከዚህ ለሰዓሊ የሚጠቅሙ ሁለት ነጥቦች ይገኛሉ። በጠራ ቀን በአስፋልት ላይ የተኛ ጥላ ፊቱ ወደ ሰማይ በመሆኑ ወደ ሰማያዊነት ያደላል። በአንጻሩ ከጣሪያ ክፈፍ ሥር ያለው የግድግዳ ጥላ ፀሐይ ከሞቀው መሬት የተንጸባረቀ ብርሃን ስለሚያገኝ ወደ ቡናማነት ያዘነብላል። ስለዚህ ጥቁሩን ቀለም ወደ ጎን ትቶ፣ ሰማያዊንና ቡናማን እንደ ቦታው እያመጣጠኑ መደባለቅ የተሻለ ነው።

ዓይናችን የሚሳሳተው የት ላይ ነው?

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የጥላው መጠን ነው። በጠራ ቀን ጥላ ያለበት ስፍራ የሚያገኘው ብርሃን ፀሐይ ካረፈበት ስፍራ አንድ ስምንተኛ ነው እንበል። ነጭ ግድግዳ ከሚደርሰው ብርሃን 80 በመቶውን፣ አስፋልት ደግሞ 10 በመቶውን ያንጸባርቃሉ ብለን እንያዝ። በፀሐይ ላይ ያለው ብርሃን 100 ቢሆን፣ ፀሐይ የሚመታው አስፋልት 10 ያንጸባርቃል። በጥላ ውስጥ ያለው ነጭ ግድግዳ የሚያገኘው 12.5 ሲሆን፣ የሚያንጸባርቀው የዚህ 80 በመቶ፣ ማለትም 10 ነው። ሁለቱ እኩል ሆኑ!

ይህን ያለ ሒሳብ የሚያምን ሰው ጥቂት ነው። አእምሯችን ግድግዳው ነጭ፣ አስፋልቱ ጥቁር መሆኑን አስቀድሞ ስለሚያውቅ የብርሃኑን ልዩነት ሳናስተውል ያርመዋል። ይህ እርማት በኑሮ ይጠቅማል፤ ለሰዓሊ ግን እንቅፋት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። በግራጫ ካርቶን ላይ ጎን ለጎን ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ብሱ። ካርቶኑን በተዘረጋ ክንድ ያዙና በአንድ ዓይን አይታችሁ፣ በአንደኛው ቀዳዳ ጥላ ውስጥ ያለውን ግድግዳ፣ በሌላው ፀሐይ የሞቀውን አስፋልት አነጻጽሩ። ግድግዳነትና አስፋልትነት ይጠፋሉ፤ የሚቀረው የብርሃን መጠንና ቀለም ብቻ ነው። መሳል ያለበትም ይኸው ነው።

ሰዓትና ወር

ቸርችል ጎዳና ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይወርዳል። በመሆኑም ጠዋት የምሥራቁ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የምዕራቡ ሕንፃዎች ጥላ መንገዱን ያቋርጣል። በመጋቢት አጋማሽ ገደማ፣ የአንድ 20 ሜትር ሕንፃ ጥላ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ 20 ሜትር ያህል ወደ መንገዱ ይዘረጋል፤ 4 ሰዓት ተኩል ሲሆን ወደ 12 ሜትር ያጥራል። ስለዚህ ጀማሪ ሰዓሊ አስቀድሞ የጥላውን ድንበር በእርሳስ ምልክት አድርጎ፣ ከዚያ በኋላ ጥላው ቢሸሽም ምልክቱን መከተል አለበት። ካሚይ ፒሳሮ እ.ኤ.አ. በ1897 በፓሪስ የሞንማርትርን ጎዳና ከአንድ ሆቴል መስኮት ሆኖ በተለያየ ሰዓትና የአየር ሁኔታ ሲስል፣ ለየሁኔታው የተለያየ ሸራ ተጠቅሟል።

ወሩም ልዩነት ያመጣል። በአውሮፓ የተጻፉ የሥዕል መጻሕፍት የሰሜን ብርሃን የተረጋጋ ነው ይላሉ፤ በዚያ አገር የእኩለ ቀን ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ናትና። አዲስ አበባ ግን በ9 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ በመሆኗ፣ ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ የመጨረሻ ሳምንት ገደማ የእኩለ ቀን ፀሐይ በሰሜን በኩል ትሆናለች። አንድ 10 ሜትር ምሰሶ በታኅሣሥ አጋማሽ እኩለ ቀን ላይ 6.4 ሜትር ያህል ጥላ ወደ ሰሜን ይጥላል፤ በሰኔ አጋማሽ ግን 2.6 ሜትር ያህል ወደ ደቡብ። ከባሕር ማዶ የተገኘን መመሪያ እንዳለ መቅዳት የማይገባውም ስለዚህ ነው።

የጥላ ጠርዝ

ፀሐይ ነጥብ አይደለችም፤ በሰማይ ላይ ግማሽ ዲግሪ ያህል ስፋት አላት። በዚህ ምክንያት በሙሉ ጥላና በብርሃን መካከል ከፊል ጥላ ይኖራል። ስፋቱ ጨረሩ ከጋራጁ አካል እስከ ጥላው ከሚጓዘው ርቀት አንድ መቶኛ ገደማ ነው፤ ርቀቱ 1 ሜትር ቢሆን 1 ሳንቲሜትር፣ 20 ሜትር ቢሆን 20 ሳንቲሜትር ይጠጋል። ስለዚህ የምሰሶ ጥላ ከሥሩ በሰላ ጠርዝ ተጀምሮ፣ ወደ ጫፉ በእርጥብ ብሩሽ መለስለስ ይኖርበታል።

ውድ አንባቢያን፣ ካርቶን፣ እርሳስና ሦስት ቀለማት ይዛችሁ በሰፈራችሁ መንገድ ዳር አንድ ሰዓት ብትቀመጡ፣ እዚህ የተጻፈውን ሁሉ ራሳችሁ ልትፈትኑት ትችላላችሁ። እኔ ከዚያ እሑድ ወዲህ በክፍል ውስጥ የምጽፈውን ትርጓሜ ለውጫለሁ፤ ጥላ ማለት ከአንድ የብርሃን ምንጭ ተጋርዶ በሌሎች ምንጮች የበራ ስፍራ ነው። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ፣ በመጀመሪያ የምጠይቃቸው ወደ መስኮቱ ሄደው እንዲመለከቱ ነው።