ሁለት ዓይነት ግንበኞች



ለጥቂት ዓመታት ከአዲስ አበባ ርቆ የተመለሰ ሰው የራሱን ሰፈር መለየት ይቸግረዋል። ሰንጋ ተራን ብቻ እንይ። ትናንት የጭቃ ቤቶች በነበሩበት ቦታ ዛሬ የባንክ ሕንፃዎች ተደርድረዋል። በ2014 የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት 209 ሜትር ወደ ላይ ተመዝዞ ቆሟል። በየአቅጣጫው ደግሞ ገና ያላለቁ ፎቆች አሉ።

ይህን ስናይ ብዙዎቻችን አንድ ሐዲስ ትዝ ይለናል። ጂብሪል (ዐ.ሰ) ስለ ቂያማ ምልክቶች በጠየቃቸው ጊዜ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ካነሷቸው አንዱ፣ ጫማና ልብስ ያልነበራቸው ድሃ እረኞች በሕንፃ ርዝመት የሚፎካከሩበት ጊዜ መምጣቱ ነው። ሙስሊም ዘግበውታል። ሐዲሱን ስንሰማ ጣታችን ቶሎ ወደ ዱባይ ይቀሰራል፤ 828 ሜትር ወደሚረዝመው ቡርጅ ኸሊፋ። ሐዲሱ ግን ሰው እንድናማበት አልተነገረንም። ኢማም ነወዊ እንዳብራሩት፣ አንድ ነገር የቂያማ ምልክት ስለሆነ ብቻ ሐራም አይሆንም።

ታዲያ የሚያሳስበው የቱ ነው? ቁርኣን ሁለት ዓይነት ግንበኞችን ያሳየናል።

የመጀመሪያዎቹ የዓድ ሕዝቦች ናቸው። በሱረቱ አሽ-ሹዐራእ ነቢዩ ሁድ (ዐ.ሰ) የወቀሷቸው በየከፍታው ላይ ለከንቱ ጨዋታ ስለሚገነቡና ለዘላለም የሚኖሩ ይመስል ግንብ ስለሚያበጁ ነበር። ወዲያው ተከትሎ የሚመጣው ወቀሳ ደግሞ ሰውን ሲይዙ በጭካኔ መያዛቸው ነው። ልብ በሉ! ግንቡና ግፉ ጎን ለጎን ተነሱ።

ሁለተኛው በየጁሙዓው በምንቀራው ሱረቱል ከህፍ ውስጥ አለ። ዙልቀርነይን በየእጁጅና መእጁጅ የተቸገሩ ሰዎች ግድብ እንዲሠራላቸው ገንዘብ ሊሰጡት ቃል ገቡ። እሱ ግን አላህ የሰጠኝ ይበልጣል፣ በጉልበት ብቻ አግዙኝ አላቸው። የብረት ቁርጥራጭ ከመረ፣ በእሳት አጋለ፣ የቀለጠ መዳብ አፈሰሰበት። ሲያልቅ ስሙን አልጻፈበትም። ይህ የጌታዬ እዝነት ነው፣ ቀጠሮው ሲደርስም ይደረመሳል አለ።

ዓድም ገነቡ፣ ዙልቀርነይንም ገነባ። ልዩነቱ ያለው በርዝመቱ ሳይሆን በልብ ውስጥ ነው፤ ለማን ተሠራ? ማን ተጠቀመ? ማን ተበደለ?

ይህ ጥያቄ ለባለ ፎቆች ብቻ እንዳይመስላችሁ። መሐንዲስ ከሆንክ፣ ከምሰሶው ብረት ስትቀንስ ማንም ላያይህ ይችላል፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግን የሚያታልል ከእኛ አይደለም ብለዋል። ተቋራጭ ወይም ፎርማን ከሆንክ፣ ሲሚንቶ ተሸክማ አምስተኛ ፎቅ የምትወጣውን እህት የቀን ሒሳብ አስብ። አላህ በቂያማ ቀን እኔ ራሴ ተከራካሪያቸው ነኝ ካላቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ሠራተኛን አሠርቶ ደሞዙን የከለከለ ነው። ቡኻሪ ዘግበውታል። በሰው ላብ የቆመ ፎቅ ባለቤቱን አላህ ፊት ያስከስሳል።

ምንም ያልገነባህስ? ኪራይ እያሳሰበህ በመስታወቱ ሥር ስታልፍ ልብህ ተሰብሮ፣ «እኔ ምንም አልሆንኩም» ብለህ ታውቃለህ? ያም የዚያው ፉክክር ሌላ ፊት ነው። ራስህን በፎቅ አትለካ። በዱንያ ጉዳይ ከበላያችሁ ያለውን ሳይሆን ከበታቻችሁ ያለውን ተመልከቱ ተብለናል፤ የአላህን ጸጋ እንዳናሳንስ። ሥራ ፈልግ፣ ተማር፣ ሐላል ሀብትም ተመኝ። ክብርህን ግን አላህ ዘንድ ፈልገው።

ዛሬ ከሰላት ስትወጡ ቀና ብላችሁ ሕንፃዎቹን እዩ። ከዚያ ዝቅ በሉና መወጣጫው ላይ ያሉትን ሠራተኞች እዩ። የምታሠሩት ሰው ካለ፣ ያልከፈላችሁትን ሒሳብ ከመግሪብ በፊት ክፈሉ። ከህፍን ስትቀሩም ዙልቀርነይን ጋ ስትደርሱ ትንሽ ቆም በሉ።

ያ አላህ! እጃችን የሚሠራውን ለሰው የሚጠቅም አድርግልን፣ ልባችንን ከኩራትም ከተስፋ መቁረጥም ጠብቅልን፣ በጀነት ውስጥ የማይፈርስ ቤት ስጠን። አሚን።

በነቢያችን ላይ ሰለዋት ማብዛት እንዳትረሱ። ጁሙዓ ሙባረክ!