መንደሩ ሳታውቂው ያውቅሻል

እህቴ፣ ካላብሪያ ውስጥ ተራራ ላይ ባለች መንደር አንዲት እማማ ለመጦር ሥራ ማግኘትሽን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ሮምና ሚላኖ ያሉ ልጆች «ወጣቱ ጥሎት የሄደ አገር ምን ያደርግልሻል?» እንደሚሉሽ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ብዙው ወጣት ለሥራ ወደ ሰሜንና ወደ ጀርመን ሄዷል። አንቺን የፈለጉሽም ለዚሁ ነው። እዚያው ካላብሪያ ያለችው ሪያቼ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ኩርዶችን የጫነች ጀልባ ባሕር ዳርቻዋ ከደረሰች በኋላ የተዘጉ ቤቶቿን ለስደተኞች ከፍታለች፤ የእኛም ሰዎች ኖረውባታል። እንግዳ መቀበል ለአካባቢው አዲስ ነገር አይደለም።

ግን እንደ ከተማ ሳትታዪ የምትኖሪበት ቦታ እንዳይመስልሽ። ከአውቶቡስ በወረድሽ ማግሥት ከየት እንደመጣሽ፣ ማን ቤት እንደገባሽ፣ ሱቅ ሄደሽ ምን እንደገዛሽ ሁሉም ይሰማል። ይህን አትጥዪው፤ መታወቅ እዚያ ትልቁ ዋስትናሽ ነው። የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ፍቅራቸውን ስትቀበዪ መብትሽን አሳልፈሽ አትስጪ።

ሰላምታ ቀድመሽ ስጪ። ወንበር ደጅ አውጥተው የሚቀመጡትን እናቶች በዝምታ ካለፍሻቸው ኩሩ ናት ትባያለሽ። የማን ቤት እንደሆንሽ ሲጠይቁሽ አትከፊ፤ በእኛም ገጠር እንግዳ የሚጠየቀው ይህንኑ ነው። ስምሽንም ከበዳቸው ብለሽ ማሪያ አታስብዪው። ደጋግመሽ ንገሪያቸው፤ ይለምዱታል።

ከምሳ በኋላ መንደሩ ጭር ይላል። ሱቁ ይዘጋል፣ መስኮቱ ይከደናል፤ አመሻሹ ላይ ነው እንደገና የሚከፈተው። በዚያ ሰዓት የሰው በር አታንኳኪ። እማማ ሲያሸልቡ አንቺም ተኚ፣ ወይም ጣሊያንኛሽን አጥኚ፤ ብረት ምጣድ ስትፈትጊ እንዳታሳልፊው።

ስለ ምግብ አትጨነቂ። የካላብሪያ ገበሬ የጥንት ምግብ ከጾማችን ጋር ይስማማል፦ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ከሜዳ የተለቀመ ቅጠል፣ በቲማቲምና በወይራ ዘይት የተሠራ ፓስታ። «ንዱያ» የሚሉትን ግን ተጠንቀቂ፤ ቀልቶ ሲያዩት አዋዜ ይመስላል እንጂ የአሳማ ሥጋ ነው። ጾመኛ መሆንሽንና አሳማ እንደማትበዪ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ንገሪያቸው፤ በየማዕዱ ሰበብ ከመፈለግ ይሻላል። እነሱ ኦገስት 15 ቀን የሚያከብሩት የእመቤታችን ዕርገት በእኛ ፍልሰታ መካከል ይውላል። ርቀው የሄዱት ልጆች የሚመለሱበት፣ በብዙ መንደር የእመቤታችን ምስል በትከሻ የሚዞርበት ቀን ነው። እማማን ደግፈሽ አብረሽ ዙሪ፤ ማዕድ ላይ ግን ሳታፍሪ የጾምሽን ብዪ።

በጥቅምትና በኅዳር ወይራ ይለቀማል። ከዛፉ ሥር መረብ ይነጠፋል፣ ቅርንጫፉ ይመታል፤ ፍሬው ሳይቆይ ወደ መጭመቂያው ይሄዳል፤ ተከምሮ ከዋለ ይሞቅና ዘይቱ ይበላሻል። ስለዚህ ሁሉም ይቸኩላል፣ ሰው ሁሉ ይፈለጋል። ጎረቤት «ነይ አግዢን» ካለሽ በዕረፍት ቀንሽ ሂጂላቸው። አዲሱን ዘይት የተጠበሰ ዳቦ ላይ አፍስሰው ያበሉሻል፣ ሲመሽም ጠርሙስ ያስይዙሻል። ይህ የደቦ ወግ ነው፤ ወዳጅ ታፈሪበታለሽ። በየቀኑ ነይ ካሉሽ ግን ሥራ ነው፤ ሥራ ደግሞ ይከፈልበታል።

ሰው ሲሞት ስሙ በወረቀት ታትሞ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ስታልፊ አንብቢው፤ የምታውቂው ሰው ከሆነ ከለቅሶው አትቅሪ። ሐዘን ቤት ጎረቤት ምግብ ይዞ የሚሄድበት ልማድ እዚያም አለና እንግድነት አይሰማሽም። ክሪሳንተመም የሚባለውን አበባ ግን ለማንም ስጦታ አትውሰጂ፤ እዚያ የመቃብር አበባ ነው።

በጣሊያን ብዙ ከተማና መንደር «አድዋ» የሚል ስም ያለው መንገድ አለ፤ አንድ ቀን ያጋጥምሽ ይሆናል። አንድ ሽማግሌም አባታቸው በ1928 ዓ.ም. አቢሲኒያ ዘምተው እንደነበር፣ መንገድ እንደሠሩልን ያወሩሽ ይሆናል። አትሳደቢ፣ ዝምም አትበዪ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተፈጸመውን ጭፍጨፋ፣ ከወራት በኋላ ደብረ ሊባኖስ ላይ የተረሸኑትን መነኮሳት በረጋ ድምፅ ንገሪያቸው። ያከበረሽ ሰው ያዳምጥሻል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። «አንቺ እኮ ልጃችን ነሽ» ይሉሻል። ከልባቸው ነው፤ አመስግኚ። ግን ልጅነት ውልን አይተካም። በጣሊያን የቤት ሠራተኞች ብሔራዊ ስምምነት መሠረት፣ አሠሪዋ ቤት የምታድር ሠራተኛ መደበኛ የሥራ ሰዓቷ በሳምንት ከ54 አይበልጥም። በየቀኑ 11 ተከታታይ ሰዓት ታርፋለች፤ ከሰዓት በኋላም ቢያንስ የ2 ሰዓት ፋታ አላት። በሳምንት 36 ሰዓት የራሷ ነው፦ እሑድ ሙሉውን፣ ከሌላ ቀን ደግሞ ግማሹን። በዓመት 26 የሥራ ቀን ፈቃድ፣ በዲሴምበር ደግሞ 13ኛ ደመወዝ ይገባታል። የጡረታ መዋጮሽም በስምሽ ገቢ መሆን አለበት። ይህን ሁሉ በጭቅጭቅ ሳይሆን ገና ከመጀመሪያው ቁጭ ብለሽ ተነጋገሪ፤ በወረቀት ላይም ይስፈር። ግራ ከገባሽ ወደ ቅርቡ ከተማ ወርደሽ ፓትሮናቶ የሚባለውን ቢሮ ጠይቂ፤ ሠራተኛን መርዳት ሥራቸው ነው። ቤተሰቡ የሚወድሽ ከሆነ ውል ስለጠየቅሽ አይጠላሽም፤ ከጠላሽም ቀድመሽ ማወቁ ይጠቅምሻል።

የመጨረሻው ምክሬ አይዘገይ። እንደገባሽ ኮሙኔ (ማዘጋጃ ቤት) ሄደሽ በነዋሪነት ተመዝገቢ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ሰው ዜግነት ለመጠየቅ በመደበኛው 10 ዓመት በሕጋዊ ነዋሪነት መቆየት አለበት፤ ሳትመዘገቢ የኖርሽው ጊዜ አይያዝልሽም። ከተመዘገብሽ በኋላ የኮሙኔው ፖሊስ እዚያ መኖርሽን ሊያጣራ ቤት ድረስ ይመጣል። ስለዚህ እማማን አስፈቅደሽ ስምሽን በሩ ደወል ላይ፣ ከእሳቸው ስም ሥር፣ በትልቁ ጽፈሽ ለጥፊ።