ልብ ወለድ መጻፍ ለምትፈልጉ፦ ከኢንተርኔት በነጻ የሚገኙ ሦስት አጋዦች



በካምፓችን ውስጥ በደብተር ላይ ታሪክ የሚጽፉ ወጣቶችና ጎልማሶች አሉ። አንዳንዶቹ የሚያርማቸው መምህርና የሚያነቡት መጽሐፍ አጥተው የጀመሩትን ትተውታል። ስልክ ያለው ሰው ግን መጽሐፉን በነጻ ሊያገኝ ይችላል፤ በደንብ የተነበበ መጽሐፍም ራሱ መምህር ነው። ልብ በሉ፤ መቶ መጽሐፍ ስልክ ላይ መጫን ብቻውን ጸሐፊ አያደርግም። የሚጠቅመው አንድ ታሪክ መርጦ ደጋግሞ ማንበብ፣ እንዴት እንደተሠራ መመርመር፣ ከዚያም የራስን መጻፍ ነው።

1ኛ. ፕሮጀክት ጉተንበርግ

ይህ የመጻሕፍት ክምችት እ.ኤ.አ. በ1971 ማይክል ሃርት በተባለ አሜሪካዊ የተጀመረ ሲሆን፣ ዛሬ ከ70,000 በላይ መጻሕፍት ይገኙበታል። አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ የተጻፉ የቆዩ ሥራዎች ናቸው። ክፍያም ሆነ ምዝገባ አይጠየቅም። ስታወርዱ ሥዕል የሌለበትን ተራ የጽሑፍ ቅጂ ምረጡ፤ መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ብዙ ገንዘብ አይበላም፤ ከወረደ በኋላም ያለ ኢንተርኔት ይነበባል።

ለመነሻ ያህል፣ የሩሲያዊውን ሐኪምና ደራሲ የአንቶን ቼኾቭን አጭር ታሪክ እንጠቁማችሁ። እ.ኤ.አ. በ1886 የታተመ ሲሆን በእንግሊዝኛው ትርጉም «ሚዘሪ» ይባላል፤ ሐዘን፣ መከራ ማለት ነው። ልጁ በዚያው ሳምንት የሞተበት አንድ ሽማግሌ ባለ ጋሪ ሐዘኑን ለተሳፋሪዎቹ ሊነግር ይሞክራል። አንዱ ፍጠን ይለዋል፤ ሌሎቹ ይሳለቁበታል። በመጨረሻ የሚያዳምጠው ሰው ስላጣ ለባዝራው ይነግራታል።

ደራሲው ታሪኩን እንዴት እንደጀመረው ተመልከቱ። በረዶ እየወረደ ሽማግሌው ነጭ እስኪሆን ድረስ ሳይንቀሳቀስ ተቀምጧል። ስለ ልጁ ሞት ገና ምንም አልሰማንም፤ ነገር ግን አንድ ከባድ ነገር እንዳለ ገብቶናል። ከዚህ የምንማረው፣ ስሜትን ከመሰየም በፊት የሰውየውን ሁኔታ ማሳየት እንደሚገባ ነው።

2ኛ. የመጻሕፍት ትረካ

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ኋላም ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተርኮታል፤ ትረካውም ዩቲዩብ ላይ ይገኛል። ከጓደኞቻችሁ ጋር ሆናችሁ በአንድ ስልክ ብታዳምጡት ወጪው ይቀንሳል። ሁለት ሰዎች የሚነጋገሩበት ቦታ ላይ ስትደርሱ አቁሙና የሰማችሁትን ጻፉ። ባላገሩና ባላባቱ፣ ቄሱና ተማሪው በምን ቃል እንደሚለያዩ አስተውሉ። ከዚያ ወደ ራሳችሁ ደብተር ተመልሳችሁ፣ ሰዎቻችሁ ሁሉ በአንድ አፍ የሚናገሩ እንደሆነ መርምሩ።

3ኛ. አፍሪካን ስቶሪቡክ

ይህ በደቡብ አፍሪካ የተጀመረ፣ አማርኛን ጨምሮ በብዙ የአፍሪካ ቋንቋዎች የተዘጋጁ ባለ ሥዕል የልጆች ታሪኮች የሚገኙበት ክምችት ነው። የልጆች ነው ብላችሁ አትናቁት። በእያንዳንዱ ገጽ ጥቂት ዓረፍተ ነገር ብቻ ስላለ፣ ታሪክ እንዴት እንደሚጀመር፣ ችግሩ የት እንደሚገባና እንዴት እንደሚፈታ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ታሪክ መጻፍና ከሌላ ቋንቋ መተርጎምም ይቻላል። ስለዚህ ለጀማሪ ጥሩ መለማመጃ ነው፤ ለልጆቻችንም የንባብ መጽሐፍ ያስገኛል።

መልመጃ

ውኃ ለመቅዳት ሰልፍ ላይ የቆመ አንድ ሰው አስቡ። የሚናገረው አንድ ነገር አለው፤ የሚሰማው ግን አላገኘም። በአንድ ገጽ ጻፉት። «አዘነ»፣ «ተከፋ»፣ «አለቀሰ» የሚሉትን ቃላት አትጠቀሙ። ጀሪካኑን እንዴት እንደያዘ፣ ማንን እንዳየ፣ ምን ብሎ እንደጀመረና ማን እንዳቋረጠው አሳዩ። ከሦስት ቀን በኋላ ለአንድ ጓደኛችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡለት። አንደበታችሁ የተደናቀፈበት ቦታ መታረም ያለበት ቦታ ነው።

ጥንቃቄ

ሀ) ታሪካችሁ ካያችሁት የተነሣ ከሆነ የሰዎቹን ስም፣ መንደር፣ ሥራና ጊዜ ለውጡ። ኢንተርኔት ላይ የወጣ ጽሑፍ አገር ቤት ድረስ ይነበባል፤ እዚያ የቀሩ ዘመዶችና ጎረቤቶች በእናንተ ጽሑፍ ሊጎዱ አይገባም።

ለ) ልብ ወለድንና የጥገኝነት ጉዳያችሁን ለዩ። ለቃለ መጠይቅ የምትሰጡት ቃል የሆነው ነገር ብቻ ነው፤ ለታሪክ ማሳመሪያ የጨመራችሁት ወደዚያ አይግባ።

ሐ) «ታሪክህን እናሳትማለን፣ ገንዘብ ላክ» ለሚሏችሁ አትላኩ። የመታወቂያችሁን ፎቶግራፍም አትስጡ።

መ) ጽሑፋችሁን ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ቅጂ ከነቀኑ አስቀሩ።

ኢንተርኔት በሌለበት ቀንም ሥራው አይቋረጥ። የወረደውን አንድ ታሪክ ደግሞ ማንበብና ግማሽ ገጽ መጻፍ እርሳስና ደብተር ብቻ ይበቃዋል።

መልካም ንባብ፣ መልካም ጽሕፈት።